ስለ ፊንቄያውያንና ስለ ባሕር ጉዟቸው የተሠሩ ፊልሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው ሲሆን «ዓ.ም.» ተብሎ ተለይቷል። «ቅ.ል.ክ.» ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው።

ፊንቄያውያን የሚባሉት እነማን ናቸው?

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ከተሞቻቸውን ያውቃቸዋል፦ ጢሮስ፣ ሲዶና፣ ጌባል፣ አራድ። ዛሬ የሊባኖስ ጠረፍና ከበላዩ ያለው የሶርያ ጠረፍ ነው። ለሰሎሞን የሊባኖስ ዝግባ የላከለት ኪራም የጢሮስ ንጉሥ ነበር፤ ኤልዛቤልም የሲዶናውያን ንጉሥ ልጅ ናት። «ፊንቄ» ግሪኮች ያወጡላቸው ስም ነው፤ እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት በየከተማቸው ነበር። ዛሬ ቱኒዝያ ውስጥ ያለችውን ካርቴጅን የቆረቆሯት የጢሮስ ሰዎች ናቸው፤ የጥንት ጸሐፊዎች ዘመኑን 814 ቅ.ል.ክ. ያደርጉታል። ሮማውያን የካርቴጅን ሰዎች «ፑኒክ» ይሏቸው ስለነበር፣ ፊልም ላይ «የፑኒክ ጦርነት» ሲባል ከሰሙ የሚወራው ስለ ካርቴጅ ነው።

«የፊንቄ ፊልም» ብዬ ስፈልግ የካርቴጁ የጦር መሪ ሐኒባልና ሮም ብቻ የሚመጣብኝ ለምንድን ነው?

የፊልም ጸሐፊዎች እጅ ላይ ያለው የሮማውያንና የግሪኮች መጽሐፍ ስለሆነ ነው። ፊንቄያውያን ለግሪኮች ፊደል ያስተማሩ ሰዎች ቢሆኑም፣ የጻፉት በፓፒረስ ላይ ነበርና የጠረፉ እርጥበት አበስብሶታል። ካርቴጅ በ146 ቅ.ል.ክ. ስትጠፋ ቤተ መጻሕፍቷ ተበተነ፤ የሮም ምክር ቤት ይተረጎም ብሎ ያዘዘው ማጎ የተባለ ሰው ስለ እርሻ የጻፈውን 28 ጥራዝ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ የቀረው ሌሎች በጠቀሱት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ታሪካቸውን የሚነግረን እንግዲህ ወይ ጠላታቸው ነው ወይ ደንበኛቸው።

ሌላው ምክንያት ወጪ ነው። መርከብ ሠርቶ ባሕር ላይ ከመቅረጽ ዝሆን ተከራይቶ ሜዳ ላይ መቅረጽ ይረክሳል። በስማቸው የሚሸጠው ፊልም አብዛኛው የየብስ ጦርነት የሆነው በዚህ ነው። ባሕሩን የሚፈልግ ሰው ወደ ዶክመንተሪ ይሂድ፤ ድራማ የሚፈልግም ተራኪው ማን እንደሆነ አውቆ ይግባ።

ከድራማዎቹ ከየትኛው ልጀምር?

በ1914 ጆቫኒ ፓስትሮኔ ቱሪን ውስጥ ከሠራው ከ«ካቢሪያ» ይጀምሩ። ድምፅ አልባ ነው። ኤትና ተራራ ሲፈነዳ ከቤቷ የሸሸች የሲሲሊ ሕፃን በፊንቄ የባሕር ወንበዴዎች ተይዛ ካርቴጅ ትሸጣለች፤ ሞሎክ ለተባለው ጣዖት ልትሠዋ ስትል አንድ ሮማዊና ማቺስቴ የተባለው ጡንቸኛ አገልጋዩ ያድኗታል። ማቺስቴን የተጫወተው ባርቶሎሜዮ ፓጋኖ የጄኖቫ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር። ካሜራው በጋሪ ላይ ተጭኖ በአዳራሾቹ ውስጥ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ያስተውሉ፤ በጊዜው ሰው አፉን የከፈተበት ነገር ነው።

ቀጥሎ የ1960ውን «ካርታጂኔ ኢን ፊያሜ» ይዩ፤ «ካርቴጅ በእሳት ነደደች» እንደማለት ነው። ዳይሬክተሩ ካርሚኔ ጋሎኔ ነው፤ የተወሰደው ኤሚሊዮ ሳልጋሪ ከጻፈው ልቦለድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሂራም የሚባል የካርቴጅ ሰው ስለሆነ፣ ተመልካቹ ለአንድ ጊዜም ቢሆን ከካርቴጅ ወገን ይቆማል። በዚህ ዘርፍ ይህ ብርቅ ነው። በ1959 ቪክተር ማቹር የተወነበት «ሐኒባል» ደካማ ነው፤ የአልፕስ ተራራውን ክፍል አይቶ መዝጋት ይቻላል። ቢቢሲ በ2006 የሠራውና ሱዳን የተወለደው አሌክሳንደር ሲዲግ ሐኒባልን የሆነበት ፊልም ግን ጥሩ ነው።

ከካርቴጅ ውጭ ፊንቄያውያን የሚታዩበት ፊልም ከፈለጉ፣ የፖላንዱ የዬዚ ካቫሌሮቪች «ፋራኦን» (1966) አለ። ቦሌስዋፍ ፕሩስ ከጻፈው ልቦለድ የተወሰደ ነው። እዚያ ፊንቄያውያኑ ለግብፅ ቤተ መንግሥት ገንዘብ የሚያበድሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ ካማ የተባለች የአስታርቴ ካህንም አለች። ፊልሙ ድንቅ ነው፤ የፊንቄ ሥዕሉ ግን በአራጣ አበዳሪ ላይ ከመሳለቅ የመጣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሥዕል ነው። ጢሮስና ሲዶና የራሳቸውን ሳንቲም መምታት የጀመሩት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ነው፤ የፊልሙ ታሪክ ግን ከዚያ ከ500 ዓመት በላይ ይቀድማል።

«ካቢሪያ»ን ስከፍት ሰዉ ሁሉ እየተቻኮለ ነው የሚሄደው። ምን አበላሸሁ?

ምንም አላበላሹም። ያኔ ካሜራው በሰከንድ 16 ገደማ ምስል ነበር የሚያነሣው፤ ያው ፊልም በሰከንድ 24 ሲጫወት ሁሉ ነገር አንድ ጊዜ ተኩል ይፈጥናል። ማጫወቻዎ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.67 ዝቅ ያድርጉ። ሙዚቃው ስለሚጎተት ድምፁን ይዝጉት። ይህን ከማድረግዎ በፊት ግን በእግሩ የሚሄድ ሰው ያለበት አንድ ትዕይንት ይመልከቱ፤ አካሄዱ ጤናማ ከሆነ ቅጂው ቀድሞ ተስተካክሏልና አይንኩት።

ሌላው ችግር ርዝመቱ ነው። ከ2 ሰዓት ብዙ የማይበልጥ ቅጂ አለ፤ ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋም አለ። በአጭሩ ቅጂ የካርቴጅዋ ሶፎኒስባና የኑሚዲያው ንጉሥ የማሲኒሳ ታሪክ ስለሚቆራረጥ፣ ንግሥቲቱ መርዝ የምትጠጣው ለምን እንደሆነ ሳይገባዎ ያልቃል። በ1931 ድምፅ ተጨምሮበት እንደገና የወጣም አለ። የሚመረጠው የቱሪን የፊልም ሙዚየም አድሶ በ2006 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ያሳየው ነው።

የ1937ቱ «ሺፒዮኔ ላፍሪካኖ» ከኢትዮጵያ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ አገናኘው። ፊልሙ የተሠራው ጣሊያን አዲስ አበባን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከያዘች በኋላ ነው፤ ገንዘቡ የመንግሥት፣ ዓላማውም ወረራውን ማሞገስ ነበር። ሮማዊው ሺፒዮ ባሕር ተሻግሮ አፍሪካ ላይ ሐኒባልን በዛማ (202 ቅ.ል.ክ.) ሲያሸንፍ፣ የጣሊያን ተመልካች ሙሶሊኒን እንዲያይ ነው የተፈለገው። ፊልሙ ሮማውያን በካናይ ያለቁበትን ጦርነት ቁስል አድርጎ ይነሣና በዛማ «ተበቀልን» ብሎ ይዘጋል። ካናይን አውጥተው ዓድዋን ቢያስገቡበት ነገሩ ይገጥማል። ቬኒስ ላይም «የሙሶሊኒ ዋንጫ» የሚባለውን ሽልማት አገኘ።

ዳይሬክተሩ ደግሞ ያው ካርሚኔ ጋሎኔ ነው። ከ23 ዓመት በኋላ ካርቴጃዊ ጀግና የሚያቆመው ሰውዬ ማለት ነው። ሁለቱን ፊልሞች ተከታትሎ ማየት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የ1937ቱን ብቻውን ለልጆች ማሳየት ግን አይመከርም።

ፊልም ላይ የማየው መርከብ የፊንቄ መሆኑን በምን ልለየው?

ከኋላው ይጀምሩ። በግራና በቀኝ ወደ ውሃው የወረዱ ሁለት ትልልቅ የመሪ መቅዘፊያዎች መኖር አለባቸው። ከመርከቡ ጀርባ መሐል ላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ አንድ መሪ ካዩ፣ ያ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ነገር ነው። መሪ ጎማ ካዩማ ይሳቁ።

ቀጥለው ደቀሉን ይዩ። ደቀሉ አንድ፣ ሸራውም አራት ማዕዘን ነው። ሸራው ሲሰበሰብ እንደ መጋረጃ በብዙ ገመድ ወደ ላይ ይሳባል። ሦስት ማዕዘን ሸራ ኋላ የመጣ ነው።

ከዚያ ፊቱ። የንግዱ መርከብ ሆዱ ሰፊ ነው፤ በአሦር ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ እንደተቀረጸው የፈረስ ራስ ያለው ጀልባም ነበር፤ ግሪኮች «ሂፖስ»፣ ፈረስ፣ ያሉት ለዚህ ነው። የነሐስ መውጊያ በውሃ ልክ ከፊቱ የሚወጣለት የጦር መርከብ ብቻ ነው። ወይን ጠጅ የጫነ መርከብ መውጊያ ካለው፣ ዕቃ አቅራቢው ያገኘውን አምጥቶ ነው። የጦር መርከቡን ትክክለኛ መልክ ለማየት ከነነዌ የሰናክሬም ቤተ መንግሥት የወጣውን የ700 ቅ.ል.ክ. ገደማ ቅርጽ ይፈልጉ፤ የጢሮስ ንጉሥ ሉሊ ከነቤተሰቡ ሲሸሽ ነው። ቀዛፊዎቹ በሁለት ደርብ ተቀምጠዋል፣ ከላይ ወታደሮች፣ በጠርዙ ጋሻዎች ተደርድረዋል።

ፊልሞች ጨርሶ የሚስቱት ግን ሥራውን ነው። በፊልም መርከብ ሲሠራ መጀመሪያ የጎድን አጥንቱ ይቆማል፣ ከዚያ ሳንቃ ይመታበታል። የጥንቱ ተገላቢጦሽ ነው። ከታች ካለው ወፍራም ግንድ ተነሥተው ሳንቃውን በሳንቃ ላይ ያቆማሉ። በሁለቱ ሳንቃዎች ጠርዝ ላይ ፊት ለፊት ጎድጓድ ይፈለፈላል፤ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ምላስ በመካከላቸው ይገባል፤ ሳንቃዎቹ ከተገጠሙ በኋላ ምላሱ እንዳይወጣ ከጎን በየበኩሉ የእንጨት ምስማር ይመታበታል። አናጢዎቻችን ወንዴና ሴቴ የሚሉት ዓይነት ነው፣ ግን በመቶዎች። የጎድን አጥንቱ ከውስጥ የሚገባው የሳንቃው ቅርፊት ከቆመ በኋላ ነው። ሮማዊው ካቶ ይህንን መጋጠሚያ «የፑኒክ መጋጠሚያ» ብሎ ጽፎታል።

ሲሲሊ ውስጥ ማርሳላ አጠገብ የባሕር ውስጥ አርኪዮሎጂስቷ ኦነር ፍሮስት በ1970ዎቹ ያወጣችው የካርቴጅ መርከብ እንጨቶቹ ላይ የፊንቄ ፊደላት ተጽፈውበታል፤ የትኛው እንጨት የት እንደሚገባ አናጢው ያደረገው ምልክት ነው። ለአንድ ትዕይንት ይህን የሚያህል ሐሳብ የት ይገኛል? እስካሁን የተጠቀመበት አላየንም።

መዝናኛ ከፈለጉ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 27ን ከፍተው ፊልሙን ይዩ። ነቢዩ ጢሮስን ራሷን በመርከብ መስሎ ሳንቃው ከሳኔር ጥድ፣ ደቀሉ ከሊባኖስ ዝግባ፣ መቅዘፊያው ከባሳን ዛፍ፣ ሸራው ከግብፅ በፍታ እንደሆነ ይዘረዝራል። ከብዙ የፊልም ዕቃ ሠሪ ይልቅ ያውቃል።

ቀዛፊዎቹ በሰንሰለት የታሰሩ ባሮች ነበሩ?

አልነበሩም። ጅራፍ፣ ከበሮና ሰንሰለት ያለበት ሥዕል በፊልም የተስፋፋው በተለይ ከ1959ኙ «ቤን ሁር» ወዲህ ነው። በጥንቱ የሜዲትራኒያን ባሕር ኃይል ቀዛፊው ባብዛኛው ደመወዝ የሚከፈለው ነፃ ሰው ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ምት የሚስት አንድ ሰው የጎረቤቶቹን መቅዘፊያ ሁሉ ያጋጫል። የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

የሞሎክ መሥዋዕት እውነት ነው?

ልጆች የሚወረወሩበት አፉን የከፈተ ግዙፍ የነሐስ ጣዖት በፊልም ከ«ካቢሪያ»፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ፍሎቤር በ1862 ካወጣው ልቦለድ የመጣ ነው። እንዲህ ያለ ሐውልት ካርቴጅ ላይ አልተገኘም። የተገኘው «ቶፌት» የሚባል፣ የተቃጠለ የሕፃናትና የበግ ግልገል አጥንት በማሰሮ የተቀበረበት ቦታ ነው። መሥዋዕት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ በተፈጥሮ ሞት የተቀጠፉ ሕፃናት መካነ መቃብር ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። የፊልሙ ሐውልት ግን ቱሪን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፤ ሄዶ ማየት ይቻላል።

የባሕር ጉዞውን ለማየት የትኞቹን ዶክመንተሪዎች ልፈልግ?

በፊልሙ ስም ሳይሆን በመርከቡ ስም ቢፈልጉ ይሻላል፤ ስለ አንድ ስባሪ መርከብ የተሠራ ፊልም ስለ «ምስጢራዊ ፊንቄያውያን» ከሚያወራው ሁልጊዜ ይበልጣል።

«ኡሉቡሩን» በ1982 ቱርክ ጠረፍ የተገኘ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መርከብ ነው። 10 ቶን መዳብና 1 ቶን ያህል ቆርቆሮ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የጉማሬ ጥርስ፣ ከአፍሪካ የመጣ ጥቁር እንጨት ጭኖ ነበር። የፊንቄያውያን አያቶች የነበሩት ከነዓናውያን ምን ይነግዱ እንደነበር በአንድ ሆድ ያሳያል።

«ማሳሮን 2» ስፔን ሙርሲያ ላይ የተገኘ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ጀልባ ነው፤ 8 ሜትር ያህል ብቻ ይረዝማል፣ ከ2,800 ኪሎ ግራም ያላነሰ የእርሳስ ማዕድን ጭኖ ሰጥሟል። ከባሕር ወጥቶ ወደ ማደሻ የተወሰደው በ2024 መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፊልሞች የሚያሳዩት ገና ውሃ ውስጥ እያለ ነው።

በ1999 ሮበርት ባላርድ ከአስቀሎና ጠረፍ ርቆ 400 ሜትር ጥልቀት ላይ የመረመራቸው ሁለት የ8ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መርከቦችም ተቀርጸዋል። እንጨቱ ጠፍቷል፤ የወይን ጠጅ ማሰሮዎቹ ግን የመርከቡን ቅርጽ እንደያዙ ተከምረው ይታያሉ። ካሜራዋ በላያቸው ቀስ ብላ የምታልፍበት ምስል ከማንኛውም ድራማ ይበልጣል።

ፊንቄያውያን አፍሪካን በመርከብ ዞሩ የሚባለውስ?

ሄሮዶቱስ እንደጻፈው በ600 ቅ.ል.ክ. ገደማ የግብፁ ፈርዖን ኒካዑ የፊንቄ መርከበኞችን በቀይ ባሕር ላካቸው፤ በየመንገዱ እየወረዱ እህል ዘርተው፣ አጭደው፣ በ3ኛው ዓመት በጊብራልታር በኩል ተመለሱ። ሄሮዶቱስ ራሱ አንድ ነገር አላመነም፦ ወደ ምዕራብ ሲዞሩ ፀሐይ በቀኛቸው ነበረች ማለታቸውን። የዛሬ ሰው የሚያምናቸው ግን በዚሁ ነው። ከምድር ወገብ በጣም ወደ ደቡብ የወረደ ሰው የቀትር ፀሐይን በሰሜን በኩል ያያታል፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ ካዞረ ቀኙ ሰሜን ነው። ቤቱ የተቀመጠ ውሸታም ይህን አይፈጥረውም።

እንግሊዛዊው ፊሊፕ ቢል ከሶርያዋ አርዋድ ደሴት ላይ ባሠራው «ፊኒሺያ» የተባለ 20 ሜትር ያህል መርከብ ከነሐሴ 2008 እስከ ጥቅምት 2010 አፍሪካን ዞሯል፤ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው የወረደው። የጉዞውን ቪዲዮዎች ሲያዩ ነፋስ ሲቀየር ያ አራት ማዕዘን ሸራ እንዴት እንደሚያስቸግር ልብ ይበሉ፤ ወደ ነፋስ መሄድ አይሆንለትም፣ መጠበቅ ብቻ ነው። መርከቡ የተቀዳው ማርሴይ ላይ ከተገኘ የግሪክ ዘመን ስባሪ ስለሆነ «ልክ የፊንቄ» ሲባል በልኩ ይውሰዱት።

አሜሪካ ደርሰዋል የሚለው ፊልምስ?

ያው «ፊኒሺያ» የተባለው መርከብ በ2019 ከቱኒዝያ ተነሥቶ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደርሷል። ይህ መድረስ እንደሚቻል ያሳያል እንጂ እንደደረሱ አያሳይም። ፊልሙ በ1872 ብራዚል ውስጥ ተገኘ የተባለውን የ«ፓራይባ» ጽሑፍ ማስረጃ አድርጎ ካቀረበ ይዝጉት፤ ሐሰተኛ ነው።

በፊልም ላይ ልብሳቸው ሁሉ ሐምራዊ የሚሆነው ለምንድን ነው?

አልባሳት ሠሪዎች ስለሚወዱት ነው። በ1909 አንድ ኬሚስት ከ12,000 የባሕር ቀንድ አውጣ ያወጣው ቀለም 1.4 ግራም ነው። ይህን ለብሶ መርከብ ላይ ገመድ የሚጎትት ሰው የለም። ቀለሙም እንደ ቀንድ አውጣው ዓይነትና እንደ አሠራሩ ከደም መሰል ቀይ እስከ ሰማያዊ ይሄዳል።

ጽሑፋቸው ፊልም ላይ ሲታይ ትክክል መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ፣ 22 ፊደል፣ አናባቢ የሌለው። የእኛ ፊደል ከእነሱ አልተወረሰም፤ በደቡብ ዓረቢያ በኩል መጥቶ ከአንድ ግንድ ይገናኛል። እንደ ዘመድ ግን ይተዋወቃል፦ አሌፋቸው የበሬ ራስ ነው፣ የእኛ «አልፍ»ም ስሙ ያው ነው። የአበገደ ተራ የሚያውቅ ሰው የእነሱን ተራ ግማሹን ያውቃል።

ዴንዘል ዋሽንግተን ሐኒባልን ሊጫወት ነው መባሉ ለምን አነጋገረ?

ኔትፍሊክስ በ2023 አንቷን ፉኳ የሚያዘጋጀውን ፊልም ይፋ ሲያደርግ ቱኒዝያ ውስጥ እስከ ፓርላማ የደረሰ ክርክር ተነሣ፤ «ሐኒባል ሴማዊ እንጂ ጥቁር አልነበረም» የሚሉ ነበሩ። በ2025 «ኔቸር» ላይ የወጣ የዘረ መል ጥናት ነገሩን ለሁለቱም ወገን አወሳሰበው፦ በካርቴጅ ዓለም ከተሞች የኖሩት ሰዎች ባህላቸው የፊንቄ ቢሆንም ከሌቫንት፣ ማለትም ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ጠረፍ፣ የወረሱት ዘር እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሲሲሊ፣ የኤጅያንና የሰሜን አፍሪካ ነው። የሐኒባል አጥንት ግን የለም።

የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ሠርቼ ስከፍተው ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?

ጥያቄ ምልክትና የተበላሸ ምልክት ከመጣ ችግሩ የፊደሉ አቀማመጥ (ኢንኮዲንግ) ነው፤ ሳጥን ከመጣ ፎንቱ ነው። ጽሑፉን በኖትፓድ ከፍተው «ሴቭ አዝ» ሲሉ ከታች ኢንኮዲንግ የሚለውን ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀይሩ፤ ፋይሉ የፊልሙን ስም ይዞ መጨረሻው ኤስ አር ቲ ይሁን። ከዚያ ቪኤልሲ ውስጥ የትርጉም ጽሑፍ ቅንብር ገብተው ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8፣ ፎንቱን ናይላ ወይም አቢሲኒካ ያድርጉና ማጫወቻውን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ። ሳይዘጉ ለውጡ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ፊደል ወርዱ ሰፊ ስለሆነ በአንድ መስመር ከ30 ፊደል አይለፉ፣ ከሁለት መስመርም አይበልጡ። «ካቢሪያ» ላይ የጣሊያናዊው ባለቅኔ የጋብሪየሌ ዳኑንዚዮ ስም ያለባቸው የጽሑፍ ካርዶች ረጃጅምና ቅኔ መሰል ስለሆኑ ቃል በቃል አይሆኑም፤ ካርዱ ከመጥፋቱ በፊት ተነቦ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይጻፉ። ስሞቹን አስቀድመው በወረቀት ላይ ይወስኑ፦ ጢሮስ ብለው ጀምረው መሐል ላይ ታየር፣ ኪራም ብለው ኋላ ሂራም ካሉ ተመልካቹ ሌላ ሰው የመጣ ይመስለዋል።